ፎርማት አይደረግም

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሚሴ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የአንድ ኮምፒውተር ስክሪን ድንገት ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።

ጉዳት ሊደርስ የነበረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሰይድ ላይ፣ በእኔ እጅ።

ሰይድ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዘፈንና መንዙማ በሚሞሪ የሚጭን፣ ሞባይል የሚፈታ፣ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። መድኃኒቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያለውን ሁሉ መጥረግ። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ማውሱ አልንቀሳቀስ አለ? ፎርማት። አንድ ቀን የሱቁ ቁልፍ በሩ ውስጥ ተሰብሮበት ደጅ ቆሞ አየሁት፤ በሩን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ለመጠየቅ ፈርቼ አለፍኩ።

ሰማያዊውን ገጽ አየት አደረገና ራሱን ነቅንቆ ፈረደ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ፎርማት ነው።»

«አይደረግም» አልኩ።

«ታዲያ ምን ሊደረግ ነው?»

«እሱን አላውቅም። ፎርማት ግን አይደረግም።»

ከዚያ እስከ ቅዳሜ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ ቢጠቃለል ከዚህ አይበልጥም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የድሮው ኮምፒውተሬ የከሚሴ ሙቀት የጨረሰው ነበር። ክዳኑን አውልቀን፣ ቬንትሌተር አዙረንበት ነበር የምንሠራው። ከሰዓት በኋላ ሲሞቀው ይጠፋል፤ ሲጠፋ ጎኑን በጥፊ እለዋለሁ፤ ይነሣል። በመጨረሻ በጥፊም አልነሣ አለ። አዲስ ይገዛልኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ ደግሜ ጠየቅሁ፤ መጠየቄን ከረሳሁ በኋላ ዕቃው መጣ።

ካርቶኑን ኃላፊያችን አቶ ጀማል ራሳቸው ከፈቱት። አቶ ጀማል በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ በደህናው ቀን «ጋሼ» ይሉኛል፣ ሊከለክሉኝ ሲፈልጉ «ጋሼዬ»። ጠፍጣፋውን ስክሪን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ወደ ቢሯቸው እየገቡ ዞር አሉ።

«ጋሼዬ፣ ኮምፒውተሩ ለጊዜው እኔ ጋ ይቀመጥ። ሣጥኑን አንቱ ውሰዱት።»

ኮምፒውተሩ ሣጥኑ ነው። ማዘርቦርዱም፣ ሌላውም አዲስ ነገር ሁሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ስሕተት ማረም የጋዜጠኛ ግዴታ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ግዴታዬን አልተወጣሁም። ሣጥኑን አንሥቼ ሹልክ አልኩ።

ለሣጥኑ ሃርድ ዲስክ ሳይገዛለት ቀርቷል። ግድ የለም፤ የድሮው ስክሪንም፣ የድሮው ዲስክም ከነሲስተሙ፣ ከነፋይሉ አለኝ። ከአሮጌው ነቅዬ አዲሱ ላይ እሰካዋለሁ፤ አለቀ። ሰው ቤት ሲቀይር አልጋውን ተሸክሞ ይገባ የለ? ዕድሜዬን ሙሉ ዜና ስሠራ የኖርኩ ሰው አንድ ኬብል መንቀል ያቅተኛል? አላቃተኝም። መንቀሉ ላይ ጎበዝ ነበርኩ።

ያላወቅሁት ነገር ቢኖር ሲስተሙ አልጋ አለመሆኑን ነው። ሲስተም የሚያውቀው የገዛ ማዘርቦርዱን ነው፤ አብሮት ኖሯል፣ ጠባዩን ለምዷል። እዚህ ሲነቃ ግድግዳው ሌላ፣ በሩ ሌላ፣ ጎረቤቱ ሌላ። ደነገጠ። ሲደነግጥ ሰማያዊ ይሆናል።

ለምን ይህን ያህል ግትር አልክ ለሚለኝ ዲስኩ ውስጥ የነበረውን ልንገር።

በየዓመቱ ቆላው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደሮች ግመልና ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ሜዳ ይመጣሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር ሣር አለ፣ ውኃ አለ። በዚያ ዓመት ግን ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ወጣ፤ ቆላው ቶሎ ደረቀ፣ የጨፋ ማሽላ ደግሞ ገና ከነዘለላው ቆሟል። መንጋው በለመደው ጊዜ ቢመጣ የሚገባው ማሽላ ውስጥ ነው። መንጋ ማሽላ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነውን በሥራዬ ዘግቤ አውቃለሁ፤ ደግሜ መዘገብ አልፈልግም።

ስለዚህ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ዋርካ ሥር ተቀምጠው ተስማሙ፤ መንጋው የሚገባው ማሽላው ከተነሣ በኋላ፣ በታኅሣሥ የመጀመሪያው ጁምዓ ይሆናል። ቃሉን ከጨፋ በኩል ሼህ ይመር ተናገሩ፣ ዱዓ አደረጉ፤ የአፋሩ ሽማግሌ በራሳቸው ቋንቋ ደገሙት። እኔ ቀዳሁ። የተቀዳው እሑድ ማታ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ በማግሥቱ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ባቲ የተሰማው ነገር በዳጉ ቆላውን ያዳርሳል። ዳጉ ማለት ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳያዛቡ የሚለዋወጡበት ወግ ነው፤ በሥራዬ የምፈራው ተፎካካሪ እሱ ብቻ ነው።

«አንተው አታነበውም?» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ካነበብኩት ዜና ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከተናገሩት ቃል ነው። ዜና ሰምቶ የተጠማ ከብቱን የሚያቆም ሰው የለም። ሼህ ይመርን ደግሜ እንዳልቀዳቸው ስልክ ወደማይደርስበት ደጋ ለዚያራ፣ የደጋግ አባቶችን መቃብር ሊጎበኙ፣ ወጥተዋል። መቅረጫው ላይስ አልነበረም? ይኸውላችሁ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነኝ፤ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ መቅረጫውን አጸዳለሁ። በዚህ ሥርዓቴ እኮራ ነበር። ድምፁን ቆራርጬ ያቀናበርኩበት ፕሮግራም ደግሞ አሮጌ ነው፤ ቁርጥራጩን የሚገጣጥመው እሱ ብቻ ሲሆን መጫኛው ከጠፋ ቆይቷል። ዲስኩ ፎርማት ሆነ ማለት ፕሮግራሙም ሄደ፣ ቃሉም ሄደ ማለት ነው።

አቶ ጀማል ጫጫታችንን ሰምተው መጡ።

«ጋሼዬ፣ ምን ያጨቃጭቃል? ፎርማት ይደረግና ይለቅ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይጠብቀናል።»

«በደብዳቤ ይታዘዝልኝ።»

«ለፎርማት ደብዳቤ?»

«ፊርማና ማኅተም ያለበት። ‹የሽማግሌዎቹ ቃል ይጥፋ› የሚል።»

አቶ ጀማል ደፋር ናቸው፤ ድፍረታቸው ግን ማኅተሙ ጋ ሲደርስ ይቆማል። «እስከ ቅዳሜ ቀትር እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ» ብለው ሄዱ። ቅዳሜ ቀትር ደግሞ ለእኔም የመጨረሻዋ ሰዓት ናት። የሠራነውን በፍላሽ አድርገን ደሴ ላለው ጣቢያ የምንልከው በሚኒባስ ሾፌር እጅ ነው፤ የቀትሩ ሚኒባስ ካለፈ ለእሑድ አይደርስም።

ሰይድ በሩ መዘጋቱን አይቶ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ሪፔር የሚባል ነገር አለ። ፋይልም ፕሮግራምም ሳይነካ ሲስተሙን ከአዲሱ ማዘርቦርድ ጋር ያስተዋውቀዋል።»

«እና ጠዋቱን ሙሉ ምን ስትለኝ ነበር?»

«ዋናውን ሲዲ ይፈልጋላ! የኔ ቅጂ ነው። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። እኔም ጥያቄውን አልደገምኩለትም።

ዋናው ሲዲ ከድሮው ኮምፒውተር ጋር ነበር የመጣው። የት እንዳለ ሳስታውስ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

በመስከረም መጨረሻ የግሪሳ ወፍ ጨፋ ላይ እንደ ደመና ወርዶ ነበር። እኔም ሥራዬ ነውና ፕሮግራም ሠራሁ። ባለሙያ ጠየቅሁ፣ አጣራሁ፤ «የሚያብለጨልጭ ነገር በማሽላችሁ መሐል ስቀሉ፣ አሮጌ ሲዲ ካላችሁ እሱን» ብዬ በሬዲዮ አስነገርኩ። ፕሮግራሙ ተወደደ። አርሶ አደሩ ግን ሲዲ ከየት ያምጣ? አያ ኢብሬ የሚባሉ የጨፋ ገበሬ ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ስቀሉ ያልከውን ስጠኝ» አሉኝ። መልካም ሰው ነኝ። ከመሳቢያዬ ውስጥ አንድ ፌስታል ሙሉ ሲዲ አንሥቼ፣ አንዱንም ሳላይ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከሰይድ ጋር ባጃጅ ይዘን ወደ ጨፋ ወረድን። ኮምፒውተሩን ታቅፌዋለሁ። ሰይድ «ይሄን ደግሞ ምን ልታደርገው ተሸከምከው?» ሲል የባጃጁ ልጅ ሳይቀር ሳቀብኝ። ይሳቁ። ቢሮ ትቼው ብሄድ አቶ ጀማል «ሌላ ባለሙያ» የሚሉትን እንደማይጠሩበት ማን ያረጋግጥልኛል? ያልተረጋገጠ ነገር ላይ አልተማመንም። ባጃጁ ከሚቆምበት በኋላ ያለውን መንገድ በትከሻዬ ተሸክሜው በማሽላ መሐል ሄድኩ። ያዩኝ ሁሉ ሰላምታ ሰጡኝ፤ አንዳቸውም ምን እንደተሸከምኩ አልጠየቁኝም። ጋዜጠኛ ስትሆን ሰው ካንተ የማይጠብቀው ነገር የለም።

አያ ኢብሬ ማማው ላይ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። ማማ ማለት ወፍ የሚጠበቅበት የእንጨት ቆጥ ነው። ከሥራቸው ማሳው በሙሉ ሲዲ ነው፤ በክር ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይሽከረከራል፣ ዓይን ያጭበረብራል።

«አካም ጅርቱ፣ አያ ኢብሬ?»

«ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። ኮቱ፣ ና ጋዜጠኛው! ደግሞ ምን ተሸክመህ መጣህ? የወፍ ማባረሪያ ማሽን ነው?»

ጉዳዬን ነገርኳቸው። ከሰጠኋቸው አንዷን ብቻ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ። እሳቸውም ሲሰሙኝ ቆይተው «ውሰድ፤ ሞልቶ የለ» አሉኝ። እያወረድን እናይ ጀመር። የሰርግ ሲዲ፣ የፊልም ሲዲ፣ የሥልጠና ሲዲ፣ የኔው የድሮ ፕሮግራሞች። ዋናው የለም። ሰይድ ቀና ሲል ማማው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ አንዷ ሲዲ በሰባት ቀለም ታንጸባርቃለች።

«ጋሼ! ያቻትና! የፋብሪካው ማኅተሟ ነው እንዲያ የሚያበራው። ቅጂ እንደዚያ አያበራም።»

አያ ኢብሬ ፊታቸው ተለወጠ።

«ቀስተ ደመናይቱን? ሂንጅሩ! የለችም በል። እሷ እኮ ናት ማሳውን የያዘችው። ሌላውን ወፉ ለምዶታል፤ ላዩ ላይ ሁሉ ያርፍበታል። እሷ ጋ ግን አይደርስም።»

«ወፎቹ ኦርጅናል መሆኗን አውቀዋል» አለ ሰይድ።

«አያ ኢብሬ፣ ለነገ ብቻ...»

«ስማኝ አንተ! በሬዲዮ ስቀሉ ያልክ አንተ አይደለህ? ሰቀልን። አሁን አውርዱ ትላለህ? ነገስ ምን ልትል ነው? ማሽላውን ለወፉ አፍሱለት?»

ጥቅሱ ትክክል ነበር። ስለዚህ የመጣሁበትን እውነት ዘረዘርኩ። ዋርካው ሥር እሳቸውም ነበሩ። ቃሉ እሑድ ካልተሰማ መንጋው ከሰኞ የባቲ ገበያ በኋላ ከቆላው ይነሣል። ወፍ ዘለላውን ይለቅማል፤ መንጋ ግን አገዳውንም አይተውም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ እሳቸውም እኔም ሳንናገረው እናውቀዋለን።

አያ ኢብሬ ወንጭፋቸውን በእጃቸው ጠቀለሉ። ወፎቹ ወንጭፉ መጠቅለሉን አይተው ነው መሰል በአንድ በኩል ግር ብለው ወረዱ። አያ ኢብሬ ድንጋይ ሰደዱባቸው፣ ተነሡ።

«የሼሁ ቃል ይሰማ፤ እኔ ለእሱ ጠላት አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ጋዜጠኛው፣ በባዶ እጄ አትተወኝም። ከእሷ የሚበልጥ የሚያበራ ነገር ስቀልልኝና ውሰዳት።»

ሰዓቴን አወለቅሁ። «ይሄ ለጉንዳን ነው» አሉ። ሰይድ የሞባይሉን ስክሪን አሳያቸው፤ «አብርቶ ይጠፋል፣ እንዳንተ» አሉት። ከዚያ ዓይናቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። የኮምፒውተሩ የጎን ክዳን አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ከውስጥ በኩል መስታወት ነው ማለት ይቻላል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«እሱ የመንግሥት ንብረት ነው» አለ ሰይድ በፍጥነት።

«ማሽላውስ የመንግሥት ሰው አይበላውም?»

ብሎኖቹን በሳንቲም ፈታኋቸው። ለዚህም ደብዳቤ አልጠየቅሁም። ክዳኑን ማማው ጫፍ ላይ ስንሰቅለው ፀሐዩ መታው፤ ነፋሱ ከእንጨቱ ጋር ሲያላጋው ጓ ብሎ ጮኸ። ከማሳው ዳር ያለው ወፍ በሙሉ ተነሥቶ ወደ ቦርከና ማዶ ሄደ። አያ ኢብሬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ማሻአላህ! ይሄንንማ በሬዲዮ እንዳትናገር!»

ሲዲዋን ግን ሲያቀብሉኝ አስማሉኝ፤ ቅዳሜ ማታ ሳይጨልም ትመለሳለች።

በሰይድ ሱቅ ሲዲዋን አጠብናት። አንድ ወር ሙሉ ወፍ ስታባርር የኖረች ሲዲ ንጹሕ ናት ማለት አይቻልም። በሳሙና፣ ከዚያ ጭረቷን በጥርስ ሳሙና አሸናት። ሰይድ «ቢስሚላህ» ብሎ አስገባት፤ እየጮኸች ዞረች፣ ቆመች፣ ዞረች። ስክሪኑ እንደገና ሰማያዊ ሆነ፤ ይሄኛው ግን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰማያዊ ነው። አንዷ ፊደል ትጠግናለች፣ ሌላዋ ዲስኩን ትጠርጋለች፤ ሁለቱም የተቀመጡት አንድ መስመር ላይ ነው። የሰይድ ጣት በልማድ ወደለመደችው ፊደል ስትሄድ አየሁና እጁን አፈፍ አደረግሁት።

«አቦ! ምን አደረግሁ?»

«ሰይድ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»

ከተተ። የምትጠግነውን ፊደል ራሴ ተጫንኳት። ፋይሎቹ አንድ በአንድ መቀዳት ጀመሩ። ግማሹ ሲደርስ የከተማው መብራት ድርግም አለ።

 በጨለማው ውስጥ ሰይድ ያቺን ቃል ሊናገር አፉን እንደከፈተ ታወቀኝ።

«እንዳትላት» አልኩት።

መብራቱ በማግሥቱ ጠዋት መጣ፤ ሥራውም ካቆመበት ቀጠለ። ረፋዱ ላይ ሲስተሙ ተነሣ፤ ኮምፒውተሩን ወደ ቢሮዬ መልሼ ከፈትኩት። ፕሮግራሜ አለ። የሼህ ይመር ድምፅ ቁርጥራጮች ተራ በተራ ተሰልፈው ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። «አጫውት» የሚለውን ነካሁ። ጸጥ። ጨምሬ ነካሁ። ጸጥ። ሲስተሙ ማዘርቦርዱን ተዋወቀ እንጂ አዲሱን የድምፅ ካርድ ገና አልተዋወቀውም፤ የሚያስተዋውቃቸው ሲዲ ደግሞ ከስክሪኑ ካርቶን ጋር አቶ ጀማል ቢሮ ተቆልፎበታል፤ አቶ ጀማል ቁልፉን ይዘው ስብሰባ ገብተዋል።

ዕድሜዬን በሙሉ ያልሰማሁትን ድምፅ ወደ ጣቢያ ልኬ አላውቅም። ያን ቀን መገጣጠሙን በዓይኔ እያየሁ ብቻ ጨረስኩና ፍላሽ ላይ ጫንኩት። ስወጣ አቶ ጀማል ከስብሰባ ሲመለሱ በር ላይ ተገናኘን።

«ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ፎርማት ተደረገ?»

«ኮምፒውተሩ ይሠራል» አልኳቸው። ይህ እውነት ነው።

«አላልኳችሁም?» ብለው ደስ ብሏቸው ገቡ።

የቀትሩ ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ሾፌሩ ፍላሿን እንደ ሁልጊዜው የደረት ኪሱ ውስጥ ሊከታት ሲል ያዝኩት። የመኪናው ቴፕ የፍላሽ መሰኪያ አለው።

«አንዴ ሰካትና አሰማኝ።»

«ጋሼ፣ ሰው ጭኜ? ትራፊክ እየመጣ ነው።»

«ሳልሰማ አልልክም።»

«ሰካት እንግዲህ፤ ይሄ ሰውዬ ሳይሰማ አይለቀንም!» አለ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ።

ሰካት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የዋርካው ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ አንድ ሰው ሳለ፤ ከዚያ የሼህ ይመር ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ። ቀኑን ተናገሩ። የአፋሩ ሽማግሌ ደገሙት። ሚኒባሱ ውስጥ ማን እንዳዘዘ ሳይታወቅ ወሬው ቆመ። ሼሁ እጃቸውን ለዱዓ ሲያነሡ ሾፌሩ መሪውን ለቀቀ፤ ተሳፋሪው ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። ትራፊኩም መጥቶ በመስኮት ጎንበስ ሲል የሚናገረውን ትቶ እሱም መዳፉን ዘረጋ።

«አሚን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሾፌሩ ፍላሿን ነቅሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

የተረጋገጡት እነዚህ ናቸው። ሲዲዋ ቅዳሜ ሳይጨልም ወደ ማማው ተመልሳለች። ቃሉ እሑድ ማታ በሬዲዮ ተላልፏል፤ ሰኞ ባቲ ላይ ተሰምቷል። የጨፋ ማሽላ ታጭዶ ተነሥቷል። መንጋው የገባው በታኅሣሥ የመጀመሪያው ጁምዓ ነው። የኮምፒውተሩ የጎን ክዳን አልተመለሰም፤ አያ ኢብሬ ለሚቀጥለው ዓመት ይፈልጉታል። ይህ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ዲስኩ ፎርማት አልተደረገም።